«ቤቱ የኛ ነው፣ ለምን እኛ እንወጣለን?»፦ ስለ አንግሊካን ወንጌላውያን ጥያቄና መልስ

ያደግኩት አዲስ አበባ፣ መካነ ኢየሱስ ነው። እንግሊዝ ከመጣሁ ወዲህ ግን የምሄደው ሰፈሬ ወዳለው የአንግሊካን (የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን) አጥቢያ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስን አጥብቆ ከሚይዘው፣ «ወንጌላውያን» ከሚባለው ወገን። እነዚህ በዚያው ቤተ ክርስቲያን ካሉት «ሊበራሎች» ጋር ዘመን ያስቆጠረ ክርክር አላቸው። ታዲያ ከአገር ቤት የሚደውልልኝ ሁሉ «አንተ፣ እነዚያ ሰዎች ጋ ምን ትሠራለህ?» ይለኛል። ሲበዛብኝ ነው ጥያቄያችሁን ላኩ ያልኳችሁ። ላካችሁ፣ አቤት ብዛቱ! የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ የምችለውን ልመልስ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «ሊበራል» የምትሉት የፖለቲካውን ነው?

አይደለም። በምርጫ ግራ ዘመሙን ፓርቲ የሚመርጥ፣ በእምነቱ ግን ወግ አጥባቂ የሆነ ቄስ ሞልቷል። እዚህ ሊበራል የሚባለው መጽሐፍ ቅዱስን እንደ ማንኛውም የጥንት ጽሑፍ አይቶ፣ ለዛሬ ሰው መቀበል የሚከብደውን ተአምርም ሆነ ትእዛዝ እንደ ዘመኑ እንተርጉመው የሚል ነው። እነሱ «እምነቱን ለማዳን እንጂ ለማፍረስ አይደለም» ይላሉ። ብዙዎቹም ከልባቸው ነው።

ነገሩ አዲስ እንዳይመስላችሁ። በ1860 ሰባት ሰዎች፣ ስድስቱ ቄሶች ናቸው፣ ትንቢትንና ተአምራትን ጥያቄ ውስጥ የሚከት የድርሰት ስብስብ አውጥተው አገሩን አመሱት። ሁለቱ በቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ተፈረደባቸው፤ በ1864 ግን በይግባኝ ነፃ ወጡ። ያኔ ወደ 11,000 የሚጠጉ ካህናት የተቃውሞ መግለጫ ፈረሙ። የሚገርመው፣ ወንጌላውያኑና በሥርዓት ወደ ካቶሊክ የሚያደላው ወገን እስከዚያ ድረስ ዓይንና ናጫ ነበሩ። ለዚህ ጉዳይ ግን ጎን ለጎን ቆሙ።

ጥያቄ፦ እውነት የአንግሊካን ጳጳስ ድንግል ማርያም በድንግልና መውለዷን ክዷል? ወይስ ወሬ ነው?

ወሬ አይደለም፣ ግን ተጋንኗል። በ1984 የደርሃም ጳጳስ ሆነው የተሾሙት ዴቪድ ጄንኪንስ በድንግልና መወለዱ ቃል በቃል የሆነ ነገር ስለመሆኑ ይጠራጠሩ ነበር፤ ስለ ሥጋዊ ትንሣኤም እንዲሁ። ጋዜጣው «ትንሣኤ የአጥንት አስማት ነው አሉ» ብሎ ጻፈ። እሳቸው ያሉት ትንሣኤ የአጥንት አስማት ብቻ አይደለም ነው፤ ልዩነቱን እናንተው ፍረዱ። በዮርክ ካቴድራል በተሾሙ በሦስተኛው ቀን ካቴድራሉን መብረቅ መትቶት ጣሪያው ተቃጠለ። በኛ አገር ቢሆን ምን ይባል እንደነበር አስቡት። እዚህም ያልተባለ የለም።

ከሳቸው በፊት በ1963 የዉሊች ጳጳስ ጆን ሮቢንሰን «ከላይ ያለ እግዚአብሔር» የሚለውን አስተሳሰብ እንተው የሚል ትንሽ መጽሐፍ አውጥተው ነበር። በ1977 ደግሞ የክርስቶስን ሰው መሆን «ተረት» ብሎ የሚጠራ ስብስብ ወጣ፤ ከጸሐፊዎቹ መካከል የአንግሊካን ካህናት ነበሩበት። የወንጌላውያኑ ምላሽ ፈጣን ነበር። ማይክል ግሪን የሚባሉ ቄስ ሰዎች አሰባስበው በዚያው ዓመት የመልስ መጽሐፍ አሳተሙ። በኔ ዓይን ያ ዘመን ምርጡ ነው። ለመጽሐፍ በመጽሐፍ ይመለስ ነበር፤ ዛሬ መግለጫ በመግለጫ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ይህን ሁሉ እያዩ ለምን አይወጡም? (ይህን ከግማሽ በላያችሁ ጠይቃችኋል።)

እሺ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ።

የአገራችን ወንጌላዊ ቤተ ክርስቲያን ሲከፈል የሚወጣው ወጥቶ አዳራሽ ይከራያል። ያለቀለት ነገር ነው። የአንግሊካን ወንጌላዊ ግን እንደዚያ አያስብም። «የቤቱ ካርታ በእጃችን ነው» ይላል። ካርታ የሚለው 39ኙን አንቀጾች፣ የቤተ ክርስቲያኒቱን የእምነት መግለጫ ነው፤ በ1571 የጸደቁ ናቸው። 6ኛው አንቀጽ ለመዳን የሚያስፈልገው ሁሉ በቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ አለ ይላል፣ 20ኛው ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ከተጻፈው የእግዚአብሔር ቃል ጋር የሚጋጭ ነገር መደንገግ አትችልም ይላል። በዚያ ላይ የጸሎት መጽሐፉን ያዘጋጁት ሊቀ ጳጳስ ክራንመር በ1556 ኦክስፎርድ ላይ ለዚህ እምነት ተቃጥለዋል። ቀደም ሲል በፍርሃት ክህደት ፈርመው ነበርና፣ የፈረመችውን እጃቸውን መጀመሪያ እሳት ውስጥ የሰደዱት ለዚያ ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ሰው «አንተ ውጣ» ሲባል «አንተ ነህ እንጂ የመጣኸው» ቢል አይገርምም።

አሁን ወደ ትልቁ ጠብ። ጥቅምት 18 ቀን 1966፣ ለንደን፣ ዌስትሚንስተር ሴንትራል ሆል። ዌልሳዊው ሰባኪ ማርቲን ሎይድ ጆንስ፣ አንግሊካን አይደሉም፣ ተነሥተው ወንጌላውያን ከሊበራሎች ጋር ከተቀላቀሉባቸው ቤተ እምነቶች ወጥተው አንድ ላይ ይሁኑ አሉ። ቢያንስ ብዙ ሰው የሰማው እንደዚያ ነው፤ በትክክል ምን ማለታቸው እንደነበር እስከ ዛሬ ያከራክራል። የስብሰባው ሰብሳቢ ደግሞ አንግሊካኑ ጆን ስቶት ነበሩ። ሰብሳቢ ሆነው እያለ፣ ሰው ሁሉ ፊት፣ ታሪክም ቅዱስ ቃሉም ከርስዎ ጋር አይደሉም፣ ቅሬታው፣ ማለትም ታማኝ ሆኖ የቀረው ጥቂት ወገን፣ የነበረው በሕዝቡ ውስጥ እንጂ ከውጭ አልነበረም ብለው መለሱ። በኋላ የሰብሳቢነት ወንበሩን ያለ ቦታው ተጠቀምኩበት ብለው ይቅርታ ጠይቀዋል። በሐሳባቸው ግን አልተጸጸቱም። በዓመቱ ኪል በሚባል ቦታ ወደ 1,000 የሚጠጉ የአንግሊካን ወንጌላውያን ተሰብስበው «ውስጥ ሆነን፣ በንቃት እንሳተፋለን» አሉ።

ማን ልክ ነበር? የኔን ልንገራችሁ። ስቶት በቁጥር አሸንፈዋል። ያኔ የተናቁት ወንጌላውያን ዛሬ ብዙ ሰውና ብዙ ወጣት ያላቸው አጥቢያዎች ባለቤት ናቸው። ግን «እንሳተፋለን» ያሉት ሰዎች ቀስ በቀስ ኮሚቴ ለመዱ። ጳጳስ ሆኑ፣ ዝም አሉ። ሎይድ ጆንስ የፈሩት እሱን ነበር።

አንድ ሰው ደግሞ ሁለቱንም መንገድ ሄዷል፤ ጄ. አይ. ፓከር። በ1966 ከስቶት ጎን የቆሙ፣ መቆየትን የመረጡ ናቸው። በ1979 ካናዳ ሄዱ። በ2002 የቫንኩቨሩ ሀገረ ስብከት ሲኖዶስ የተመሳሳይ ጾታ ጥምረት እንዲባረክ ሲወስን ተነሥተው ወጡ። በ2008፣ በ81 ዓመታቸው፣ አጥቢያቸው ከሀገረ ስብከቱ ሲለይ እሳቸውም የክህነት ፈቃዳቸውን መለሱ። ጉባኤው ሕንፃውን ይዞ ለመቅረት ፍርድ ቤት ተከራክሮ ተሸነፈ፤ በ2011 ዕቃውን ሸክፎ ወጣ። እንግዲህ ካርታው በእጃችን ነው ያላችሁ፣ ዳኛው የሚያየው ካርታ ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ ይህ ከኛ ጋር ምን አገናኘው?

በኢቫሱ (በኢትዮጵያ ወንጌላውያን ተማሪዎች ኅብረት) ውስጥ ያለፋችሁ እጃችሁን አውጡ። በ1910 የካምብሪጅ ተማሪዎች ኅብረት ትልቁ የክርስቲያን ተማሪዎች ንቅናቄ ለዘብ አለብን ብሎ ተለየ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ «እንታረቅ» ተባለ። የካምብሪጆቹ የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ የክርስቶስ ደም ስርየት የመልእክታችሁ ማዕከል ነው ወይ? መልሱ «አዎ አለ፣ ማዕከል ግን አይደለም» ዓይነት ሆነ። አልታረቁም። ከዚያ መስመር በ1928 የእንግሊዝ ወንጌላውያን ተማሪዎች ማኅበር፣ በ1947 ዓለም አቀፉ መጣ። ኢቫሱ የዚያ አባል ነው።

ሌላም አለ። ሲ.ኤም.ኤስ የሚባለው የአንግሊካን ሚስዮን፣ እነ ሳሙኤል ጎባትን በ1830 ወደ አገራችን የላከው፣ በ1922 በመጽሐፍ ቅዱስ ሥልጣን ጉዳይ ተከፈለ። የተገነጠለው ቢ.ሲ.ኤም.ኤስ ይባላል። እሱም በ1930ዎቹ ኢትዮጵያ ገባ፤ የራሱን ቤተ ክርስቲያን ከመትከል ይልቅ ኦርቶዶክሱን በመጽሐፍ ቅዱስ ማገዝ ነበር ሐሳቡ። የለንደን ክርክር እስከ አዲስ አበባ ደርሷል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ አሁን ያለው ጠብ ሁሉ በጋብቻ ጉዳይ ብቻ አይደለም እንዴ? ሌላ ኃጢአት የለም?

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ የጠየቅሽኝ እህቴ። ወንጌላውያኑ «ጋብቻው ምልክቱ ነው፣ በሽታው መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ያለን አቋም ነው» ይላሉ። እስማማለሁ፣ ግን ለ39ኙ አንቀጾች ያልጮኸ ሰው ለዚህ ሲጮህ ሊበራሎቹ ቢታዘቡት አልፈርድባቸውም።

ቅደም ተከተሉ ባጭሩ። በ1998 የዓለም አንግሊካን ጳጳሳት ጋብቻ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ነው ብለው በ526 ለ70 ድምፅ ወሰኑ። በ2003 የአሜሪካው ቤተ ክርስቲያን በግልጽ ከወንድ ጋር የሚኖሩትን ጂን ሮቢንሰንን ጳጳስ አደረገ። በ2008 ተቃዋሚዎቹ፣ አብዛኞቹ ከአፍሪካ፣ ኢየሩሳሌም ተሰብስበው ጋፍኮን የሚባለውን ንቅናቄ መሠረቱ። በ2009 ሰሜን አሜሪካ ላይ አዲስ አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ተቋቋመ። በየካቲት 2023 የእንግሊዝ ሲኖዶስ የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች በጸሎት እንዲባረኩ የሚያስችለውን ሐሳብ ተቀበለ፤ ከምእመናን ተወካዮች 103 ደገፉ፣ 92 ተቃወሙ። ጠባብ ነበር።

ለመካነ ኢየሱሶች ይህን ለማስረዳት አልደክምም። በ2013 ቤተ ክርስቲያናችን ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና ከአሜሪካው ሉተራን ጋር በዚሁ ጉዳይ ግንኙነቷን አቋርጣለች። ልዩነቱ፣ እኛ ያቋረጥነው ከሩቅ አገር አጋር ጋር ነው። እነሱ ግን ጳጳሳቸው ነው።

ጥያቄ፦ ያልወጡት ምን እያደረጉ ነው? መጸለይ ብቻ?

ገንዘብም አለ። እያንዳንዱ አጥቢያ ለሀገረ ስብከቱ መዋጮ ይከፍላል፤ የቄሶች ደመወዝ የሚወጣው ከዚያ ነው። ትልልቆቹ ወንጌላዊ አጥቢያዎች ብዙ ይከፍላሉ። አሁን የወንጌላውያኑ ምክር ቤት የኤፌሶን ፈንድ የሚባል አቋቁሟል፤ መዋጮው በዚያ በኩል በትምህርት ለሚስማሙ አጥቢያዎች ይሄዳል። ሌሎች ደግሞ ጳጳሳቸው ትምህርቱን ከለወጠ ከሌላ ጳጳስ መንፈሳዊ ክትትል እንፈልጋለን ብለዋል። ቤቱን ሳይለቁ ክፍል መቀየር በሉት።

ጥያቄ፦ ወግ አጥባቂዎቹስ ንጹሕ ናቸው?

አይደሉም። በኅዳር 2024 የወጣውን ሪፖርት አንብቡ። ጆን ስማይዝ የሚባል ጠበቃ በ1970ዎቹና 80ዎቹ በወንጌላውያን የወጣቶች ካምፕ ያገኛቸውን ልጆች እስኪደሙ ይገርፍ ነበር። በ1982 የሚያውቁ መሪዎች ነበሩ፣ ለፖሊስ አልተናገሩም፤ ሰውዬው ወደ ዚምባብዌ ሄዶ እዚያም ቀጠለ። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ፣ የአንግሊካኖች ቀዳሚ መሪ የነበሩት ጀስቲን ዌልቢ ሥልጣን የለቀቁት በዚህ ነው። ትምህርታቸው የቀና ሰዎች ናቸው የሸፈኑት። ይህን የማይጠቅስ ወግ አጥባቂ ካያችሁ አትመኑት።

ጥያቄ፦ ኢትዮጵያ ውስጥ አንግሊካን አለ?

አለ። አዲስ አበባ ቅዱስ ማቴዎስ አለ፣ ብዙው ምእመን ግን ጋምቤላ ነው፤ እዚያ በፍሬምናጦስ፣ በኛው አባ ሰላማ ስም የተሰየመ የነገረ መለኮት ኮሌጅ አላቸው። ከ2020 ጀምሮ በእስክንድርያው የአንግሊካን ክፍለ አገር ሥር ናቸው፤ እሱም ከወግ አጥባቂዎቹ ወገን ነው።

ጥያቄ፦ አሁን የት ደረሰ? አንተስ ትወጣለህ?

በጥቅምት 2025 መጀመሪያ ሣራ ማላሊ የመጀመሪያዋ ሴት የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ እንዲሆኑ ተመረጡ። (ስለ ሴት ክህነት ወንጌላውያኑ ራሳቸው ሁለት ናቸው፣ ሌላ ቀን እመለስበታለሁ።) በዚያው ወር ጋፍኮን ካንተርበሪን እንደ መሪ አንቀበልም አለ። አባባሉን ልብ በሉ፤ «ወጣን» አላሉም። የአንግሊካን ኅብረት እኛ ነን ነው ያሉት።

እኔ? ቄሳችን መዋጮውን ወደ ፈንዱ እናዙር ወይ ብሎ አባላቱን ሰብስቦ ነበር። ሁለት ሰዓት ተከራከርን። አንዲት አሮጊት ተነሥተው «ባሌ የተቀበረው እዚህ ግቢ ነው፣ እኔ የትም አልሄድም» አሉ። ከዚያ ሻይ ተጠጣ፣ ድምፅ መስጠቱ ለሚቀጥለው ወር ተላለፈ።