የቡችላ ፓርቮ፦ ለጠየቃችሁኝ መልስ

ጥያቄ፦ ቡችላዬ 3 ወሯ ነው። ከትናንት ጀምሮ ታስመልሳለች፣ ምግብም እምቢ ብላለች። ፓርቮ ይሆን?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል። ፓርቮ የውሻን አንጀት የሚያጠቃ ተላላፊ የቫይረስ በሽታ ነው። ትል የበዛባት ወይም አጥንት የዋጠች ቡችላም ግን እንዲሁ ትሆናለች። ድዷን በጣትሽ ጫን አድርገሽ ልቀቂው። ነጣ ያለው ቦታ ቶሎ ወደ ሮዝ ካልተመለሰ፣ ወይም ድዱ ደርቆ ጣትሽ ላይ ከተጣበቀ፣ ሰውነቷ ውሃ አጥቷል ማለት ነውና አሁኑኑ ሐኪም ጋ ውሰጃት። እባክሽ ደም የቀላቀለው፣ የሚከረፋው ተቅማጥ እስኪመጣ አትጠብቂ።

ጥያቄ፦ የሰገራ ምርመራው ኔጌቲቭ ነው አሉኝ። ልረጋጋ?

መልስ፦ ገና ነው። ፈጣን ምርመራው ቫይረሱ በሰገራ ውስጥ ካልበዛ ሊያመልጠው ይችላል። ምልክቱ ካልጠፋ በማግስቱ ይደገም፣ ነጭ የደም ሴሉም ይቆጠር። ፓርቮ አንጀትንም፣ ነጭ የደም ሴል የሚሠራበትን መቅኔንም ስለሚያጠቃ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ በጣም ይወርዳል።

ጥያቄ፦ እቤት አንቲባዮቲክ አለኝ፣ ልስጠው?

መልስ፦ ተው! አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይገድልም። ሐኪም የሚያዘው ከቆሰለው አንጀት ወደ ደም የሚገባውን ባክቴሪያ ለመከላከል ነው። በአፍ ብትሰጠው ደግሞ መልሶ ያስመልሰዋል። ቡችላውን የሚያተርፈው በዋናነት በደም ሥር የሚገባው ፈሳሽ ነው፣ ማስታወክ ማቆሚያም ይጨመርበታል። በጊዜ ከደረሰና ጥሩ ክትትል ካገኘ፣ ከ10 ቡችሎች 8 ወይም 9 ሊተርፉ ይችላሉ። ሳይታከሙ የቀሩት ግን አብዛኞቹ ይሞታሉ፣ ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

ጥያቄ፦ ምግብ ልከልክለው?

መልስ፦ አይ። ማስመለሱ ጋብ ሲልለት ለስላሳ ምግብ ጥቂት ጥቂት ይቅመስ። አንጀቱ ቶሎ የሚያገግመው ሲበላ ነው።

ጥያቄ፦ ልጆቼን ይይዛቸዋል?

መልስ፦ የውሻ ፓርቮ ሰው አይዝም። በጫማና በእጅ ግን ወደ ሌላ ውሻ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ቡችላዬ ሞተብኝ። ሌላ ማምጣት እችላለሁ?

መልስ፦ በጣም አዝናለሁ። ቡችላ ለማምጣት ግን አትቸኩይ፣ ቫይረሱ አፈር ላይ ወራት፣ አንዳንዴም ከ1 ዓመት በላይ ይቆያል። ወለሉን መጀመሪያ በሳሙና እጠቢው፣ ምክንያቱም ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና ኃይሉን ያጣል። ከዚያ 1 እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ በጥብጠሽ አፍሺበትና ወለሉ ላይ 10 ደቂቃ ይቆይ። አፈሩ በዚህ አይጸዳም። ስለዚህ ክትባቱን የጨረሰ ውሻ ብታመጪ ይሻላል። ክትባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ዕድሜ ይጀመርና በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ እየተደገመ ቢያንስ 16 ሳምንት እስኪሞላው ይቀጥላል። አንዴ አስወግተው «በቃ» የሚሉ ብዙ ናቸው። ከእናቱ ያገኘው መከላከያ ገና ሰውነቱ ውስጥ ካለ ክትባቱን ያከሽፈዋል፣ የሚደጋገመውም ለዚህ ነው።