ፋየርዎል ከጨመርኩ ወዲህ ዲዲኤንኤሱ አልታደስም ላልከው

ወንድሜ "ፋየርዎል ከጨመርኩ ወዲህ የዳይናሚክ ዲኤንኤሱ ስም አሮጌው አይፒ ላይ ቀረ፣ ቤት ውስጥ ግን ኢንተርኔቱ ይሰራል" ያልከውን ሳነብ የራሴ ጉድ ትዝ አለኝ። ዳይናሚክ ዲኤንኤስ (ዲዲኤንኤስ) ማለት የቤትህ አይፒ፣ ማለትም የኢንተርኔት አድራሻህ፣ ሲቀየር ስምህን ወደ አዲሱ የሚያዞር አገልግሎት ነው፣ ፋየርዎል ደግሞ የትኛው ግንኙነት ይለፍ የትኛው ይጣል የሚል ማጣሪያ። ራውተሩን ሪሴት እንዳታደርግ፣ የዲዲኤንኤስ አካውንትም እንዳትቀይር፣ እኔ ሁለቱንም አድርጌ ምንም አላገኘሁም።

1. የራውተሩን ዋን አይፒ (ከአቅራቢው የተሰጠውን የውጭ አድራሻ) እይ። በ10 የሚጀምር ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ውስጥ ያለ ከሆነ አይፒውን ከሌላ ደንበኛ ጋር እየተጋራህ ነው፣ ስሙ ቢታደስም ከውጭ መግባት የለም። ግን ችግሩ የመጣው ፋየርዎሉን ከጨመርክ ወዲህ ስለሆነ ያንተ ይሄ አይመስለኝም።

2. ኢንፑትና ፎርዋርድን ለይ። እኔን የበላኝ ይሄ ነው። ፎርዋርድ በራውተሩ አልፎ ወደ ኮምፒውተሮችህ የሚሄደው ፓኬት (የዳታ ቁራጭ) ነው፣ ኢንፑት ደግሞ ለራሱ ለራውተሩ የሚመጣው። እኔ ጎበዝ ነኝ ብዬ ኢንፑት ላይ መጨረሻውን ሁሉንም ድሮፕ (ጣል) የሚል መስመር አደረግኩ፣ ከውስጥ ኔትወርክ የሚመጣውን ብቻ ፈቀድኩ፣ ኤስታብሊሽድ ሪሌትድ የሚለውን (ቀድሞ ለተጀመረ ግንኙነት የሚመጣውን መልስ አሳልፍ የሚል) መስመር ፎርዋርድ ላይ አስገብቼ ኢንፑት ላይ ረሳሁት። ስልኩ ይሰራል ላፕቶፑ ይሰራል፣ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ለካ ራውተሩ ራሱ ጥያቄ ሲልክ መልሱ የሚመጣው በኢንፑት ነው፣ የራሴ ፋየርዎል እየጣለው የዲዲኤንኤሱን ሰርቨር አይፒ እንኳን ማግኘት አቃተው። መሳሪያዎቼ ዲኤንኤስ (የአንድ ስም አይፒ ስንት ነው የሚለውን) የሚጠይቁት ራውተሩን ሳይሆን ቀጥታ ውጭ ስለነበር ምንም አልነቃሁም።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ መንገድ ላይ እያለሁ አይፒው ተቀየረ። ቤት ያለ ፋይል በጣም ያስፈልገኛል፣ መግባት የለም። ኢንተርኔት አቅራቢው ጋ ደወልኩ፣ "ራውተሩን አጥፍተው ያብሩት" አሉኝ፣ ቤት አይደለሁም ስል ስልኩን ያነሳችው ሰራተኛ "እንግዲያው ቤት ሲገቡ ይደውሉ" ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ጥፋቱ የኔ ቢሆንም እስካሁን ያናድደኛል። ቤት ስገባ ሎጉን (የራውተሩን መዝገብ) ከፈትኩ፣ ከላይ እስከ ታች ያው አንድ ስህተት። አንድ ጊዜ እንኳን አይቼው ቢሆን!

ያንን ኤስታብሊሽድ ሪሌትድ መስመር ኢንፑት ላይ ስታስገባ ደግሞ ከላይ አድርገው፣ ፋየርዎል ከላይ ወደ ታች ነው የሚያነበው፣ እኔ መጀመሪያ ከድሮፑ በታች ጨምሬው ሌላ አንድ ሰዓት አቃጠልኩ። ከዛ ሴቭ አድርግ፣ ካለዛ ራውተሩ ሪስታርት ሲያደርግ ሊጠፋ ይችላል።

3. ስትሞክር ዋይፋዩን ዘግተህ በሞባይል ዳታ ሞክር፣ ከውስጥ ሆነህ የራስህን ስም መጥራት ብዙ ራውተር ላይ ያሳስታል። የራውተሩን አድሚን ገጽ ግን ለውጭ እንዳትከፍት፣ እኔ የዋየርጋርድን (ከውጭ ወደ ቤት ኔትወርክ በተመሰጠረ መንገድ የሚያስገባ ቪፒኤን) ዩዲፒ ፖርት 51820 ብቻ ነው የከፈትኩት፣ ሌላው ሁሉ በሱ ውስጥ ነው የሚገባው፣ አንድ ዓመት አለፈው ችግር የለም።

አሁን ዲዲኤንኤሱ ላይ አፕዴት የሚለውን ተጫንና የኢንፑት ድሮፕ ቆጣሪ (የተጣሉትን ፓኬቶች የሚቆጥረው) በተጫንክ ቁጥር ይጨምር እንደሆነ እይ። ከጨመረ ያው የኔው ነው። ካልሆነ የፋየርዎሉን ሩሎች (መስመሮች) ዝርዝር ከነቆጣሪው ለጥፈው፣ የውጭ አይፒህን ደብቀህ፣ ማታ አየዋለሁ።