ጊት ሳይጠይቅ ሲያጠፋ

ጥያቄ፦ ለጣና ጀልባዎች የቲኬት መተግበሪያ እየሠራን ነው። ባልደረባችን የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው ፕሮግራም በጊት፣ «ጊት ሪሴት ሃርድ» (ያልተመዘገበ ለውጥን የሚደመስስ ትእዛዝ) ብሎ የሁለት ቀን ሥራ ጠፋብን። ማስጠንቀቂያ ማስገባት ይቻላል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ በመጀመሪያ የጠፋውን ፈልጉ። «ጊት አድ» ተደርጎ (ለመመዝገብ ተዘጋጅቶ) የነበረ ፋይል ካለ የጊትን ማከማቻ የሚፈትሸው ትእዛዝ «ጊት ኤፍኤስሲኬ» (git fsck) ያገኘዋል፤ ይዘቱን እንጂ ስሙን ግን አይመልስም። አድ ያልተደረገውን ጊት አያውቀውም፤ የኤዲተራችሁን (ኮድ የምትጽፉበትን ፕሮግራም) የፋይል ታሪክ እዩ።

ጊት ከሪሴት በፊት የሚሠራ ሁክ (በራሱ የሚነሣ ስክሪፕት) የለውም፤ ነባር ትእዛዝንም በአሊያስ (ለትእዛዝ በሚሰጥ አቋራጭ ስም) መተካት አይቻልም። ስለዚህ በአዲስ ስም አጭር ስክሪፕት ጻፉ፦ «ጊት ስታተስ» (የፋይሎችን ሁኔታ የሚያሳይ ትእዛዝ) ለውጥ ካሳየ የሚጠፉትን ፋይሎች በስም ይዘርዝር፣ ከዚያ የብራንቹን (የሚሠራበትን የኮድ ቅርንጫፍ) ስም አስጽፎ ይቀጥል። «እርግጠኛ ነህ?» ብቻውን አይበቃም፤ ሰው በልማድ «አዎ» ይላል። ከሁሉም የሚሻለው ግን ስክሪፕቱ ከመደምሰሱ በፊት ራሱ «ጊት ስታሽ» ቢያደርግ፣ ማለትም ለውጡን ለጊዜው ቢያስቀምጥ ነው።