የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የግንባር ዜናና የወታደር ቤተሰብ

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከዘመተ ቆይቷል፤ ድምፁም ከጠፋ ሰነበተ። ሰሞኑን በማኅበራዊ ሚዲያ በተለቀቀ የምርኮኞች ቪዲዮ ላይ ያየሁት መሰለኝ። ዘመድ ሁሉ ቪዲዮውን እየተቀባበለ ነው። ምን እናድርግ? (የወታደር እህት)

መልስ፦ እህታችን፣ ከሁሉ በፊት ቅብብሉን ያስቁሙ። ይህን የምንለው ጭንቀታችሁ ሳይገባን ቀርቶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣው ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት በአንቀጽ 17 እንደሚደነግገው፣ የጦር ምርኮኛ እንዲናገር የሚገደደው ስሙን፣ ማዕረጉን፣ የትውልድ ቀኑንና የመለያ ቁጥሩን ብቻ ነው። ዘመድ ከቪዲዮው ሥር «የእኛ ልጅ ነው፤ መድፈኛ ነበር፤ ታላቅ ወንድሙም እዚያው ክፍል ነው» ብሎ ሲጽፍ ልጁ ያልተናገረውን ለማራኪዎቹ ይነግርለታል። አንቀጽ 13 ደግሞ ምርኮኛ ከስድብና ከሕዝብ መመልከቻነት እንዲጠበቅ ያዝዛል። ቪዲዮው የተለቀቀው ይህን ጥሶ ከሆነ፣ ያጋራ ሁሉ ጥሰቱን ያሰፋዋል።

ቀጥሎ ማስረጃውን ያስቀምጡ። እንዲህ ያለ ቪዲዮ በሰዓታት ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። ሊንኩን፣ የለቀቀውን ገጽ ስም፣ የወጣበትን ቀንና ሰዓት ይጻፉ። ወንድምዎ የታየበትን ደቂቃና ሰከንድም ይመዝግቡ። ቪዲዮውን ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ያውርዱት፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲላላክ ጥራቱ ስለሚወርድ ፊት ለመለየት ያስቸግራል። ስክሪንሾት ሲያነሡም ፊቱን ብቻ ቆርጠው አያስቀሩ፤ ልብሱ፣ አጠገቡ ያሉት ሰዎችና ከኋላው ያለው ግድግዳ ኋላ ይፈለጋሉ።

ከዚያ ሁለት ቦታ ያመልክቱ፦ ለወንድምዎ ሠራዊት የሰው ኃይል ወይም የቤተሰብ ጉዳይ ክፍል፣ እንዲሁም ለዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ወይም ለአገሩ የቀይ መስቀል ወይም የቀይ ጨረቃ ማኅበር የጠፉ ሰዎች ፍለጋ ክፍል። አገልግሎቱ ያለ ክፍያ ነው። ሙሉ ስሙን እስከ አያት፣ የእናቱን ስም፣ የትውልድ ቀንና ቦታውን፣ ማዕረጉንና መለያ ቁጥሩን፣ መጨረሻ የተገናኛችሁበትን ቀን ይዘው ይሂዱ። ስሙን በመታወቂያው ላይ እንደተጻፈው ፊደል በፊደል ያስመዝግቡ። አባት በአንድ አጻጻፍ፣ አጎት በሌላ ሲያስመዘግቡ ሁለት መዝገብ ይከፈትና አንዱ ከሌላው ሳይገናኝ ይቀራል። ስለዚህ ቤተሰቡ አንድ ሰው ይወክል፣ የዚያ ሰው ስልክም አይቀየር።

በአገሮች መካከል በሚደረግ ጦርነት ምርኮኛው እንደተያዘ፣ ቢዘገይ ካምፕ በገባ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ መያዙን የሚያሳውቅ ካርድ ለቤተሰቡ እንዲጽፍ ሊፈቀድለት ይገባል። ከዚያም በወር ቢያንስ 2 ደብዳቤና 4 ካርድ የመላክ መብት አለው። በተግባር ግን ብዙ ጊዜ ይዘገያል፤ ዝምታውን የሞት ማስረጃ አድርገው አይውሰዱት። ጦርነቱ የእርስ በርስ ከሆነ የጦር ምርኮኛ የሚለው ሕጋዊ መብት በሙሉ አይሠራም። አራቱም የጄኔቫ ስምምነቶች የሚጋሩት አንቀጽ 3 ግን ሰብአዊ አያያዝን ግዴታ ያደርጋል፣ ክብርን ማዋረድም ይከለክላል፤ ቀይ መስቀልም በዚያው አንቀጽ መሠረት አገልግሎቱን ማቅረብ ይችላል።

በቀይ መስቀል በኩል መልእክት ሲጽፉ ስለ ቤተሰብ ብቻ ይጻፉ። ወረቀቱ ሳይታሸግ የሚሄድና በባለሥልጣናት የሚነበብ ነው፤ ስለ ውጊያ ወይም ስለ ፖለቲካ አንድ መስመር ካለበት መንገድ ላይ ይቀራል። «ገንዘብ ከላካችሁ እናስፈታዋለን» የሚል ስልክ ከመጣ ደግሞ ወንድምዎ ብቻ የሚያውቀውን አንድ ነገር ይጠይቁ። ብዙውን ጊዜ ስልኩ እዚያው ላይ ይዘጋል።

ጥያቄ፦ ሁለቱም ወገኖች በየቀኑ የሟች ቁጥር ያወጣሉ፤ ከተማ ያዝን ይላሉ። የትኛውን እንመን? (የዜና ተከታታይ)

መልስ፦ ቁጥሩን ከማመንዎ በፊት ማን ቆጠረው፣ ምን ምን ተደመረበት ብለው ይጠይቁ። አንዳንዱ መግለጫ ሟችን ብቻ፣ አንዳንዱ ቁስለኛን፣ ምርኮኛንና የጠፋን ጭምር ይደምራል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነቶች በአንድ ሟች ሦስት ገደማ ቁስለኛ መቁጠር የተለመደ ነበር፤ ቁስለኛን ቶሎ ማውጣት ካልተቻለ ግን የሟቹ ድርሻ ከፍ ይላል። የጠላት ሟች ቁጥር ሁልጊዜ ግምት ነው፤ አንድ ተሽከርካሪ በድሮንም በመድፍም ሲመታ ሁለት ጊዜ ሊቆጠር ይችላል። የራስ ሟች ደግሞ ዘግይቶ ይወጣል፤ ቤተሰብ መጀመሪያ መርዶ ሊደርሰው ስለሚገባ፣ አስከሬኑ ያልተገኘውም «የጠፋ» ተብሎ ስለሚቆይ።

ስለ ከተማው፣ ዳር ላይ የተነሣ የባንዲራ ፎቶ መግባትን እንጂ መያዝን አያሳይም። ከመሀል ከተማ በቀን ብርሃን የተቀረፀና ሕንጻዎቹ ከካርታ ጋር የሚመሳከሩ ቪዲዮ እስኪወጣ ይጠብቁ። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ በሳተላይት የሚያዘጋጀው የእሳት ካርታ በነፃ ይገኛል፤ ነገር ግን አንዱ ነጥብ 375 ሜትር ስለሚሸፍን የእርሻ ቃጠሎን ከመድፍ አይለይም፣ ደመናም ይጋርደዋል። የሴንቲኔል 2 ሳተላይት ምስል በ10 ሜትር ጥራት በየ5 ቀኑ ገደማ ይታደሳል፤ የተቃጠለ ሰፈር ያሳያል፣ መኪና አይለይም። «አውሮፕላን ተመታ» የሚሉ ጨለማ ቪዲዮዎች ላይ በተለይ ይጠንቀቁ፤ አርማ 3 የተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ምስል የጦር ሜዳ ተብሎ ስለተሰራጨ አምራቹ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2022 እንዴት እንደሚለይ ማብራሪያ አውጥቷል።

ጥያቄ፦ ግንባር ላለው ልጄ ዕቃ ልልክለት ነው። ምን ይጠቅመዋል? (እናት)

መልስ፦ እናታችን፣ ከመግዛትዎ በፊት እሱኑ ይጠይቁት፤ የሚልኩለትን ሁሉ የሚሸከመው በጀርባው ነው። ካልሲ ግን አይቀርም። ሱፍ ወይም የሱፍ ቅይጥ ይሁን፤ ጥጥ እርጥበት ይዞ ይቆያል። እግርን የሚያቆስለው እርጥብ ብርድ ውርጭ ሳይኖርም ይጎዳልና፣ 3 ጥንድ ካለው አንዱን ለብሶ፣ አንዱን አድርቆ፣ አንዱን በላስቲክ አሽጎ መያዝ ይችላል። ሳሙናና ምግብ በአንድ ካርቶን አይግቡ፤ ግድ ከሆነ እያንዳንዱን በሁለት ላስቲክ ያሽጉ።

20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሆነ ፓወር ባንክ 74 ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ አየር መንገዶች በእጅ ሻንጣ ከሚፈቅዱት 100 ዋት ሰዓት በታች ነው፤ በፖስታ ግን ብዙ ጊዜ አይቀበሉትም። በሰው እጅ ይላኩት። ሩጫ የሚመዘግብ ሰዓት አይላኩ። ስትራቫ የተባለው መተግበሪያ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2017 ያወጣው የሩጫ ካርታ ምሥጢራዊ የጦር ሰፈሮችን እንዳጋለጠ በጃንዋሪ 2018 ታውቋል።

የደም ማቆሚያ ቱርኒኬት ከላኩ ከታመነ አቅራቢ ብቻ ይግዙ፤ በርካሽ የሚሸጡት አስመሳዮች ማጠንከሪያ ዘንጋቸው ይሰበራል። ለልምምድ ሌላ ይኑረው፤ ሲለማመድበት የሰነበተውን ወደ ውጊያ አይያዝ። ክንድ ወይም እግር ላይ የሚታሰረው ከቁስሉ 5 እስከ 7 ሴንቲሜትር ወደ ልብ በኩል ከፍ ብሎ ነው፤ መገጣጠሚያ ላይ አይታሰርም። ደሙ እስኪቆም ይጠነክራል፣ ሰዓቱ ይጻፍበታል፣ ሐኪም ጋ ሳይደርስም አይላላም።

ደብዳቤዎችዎን ቁጥር ይስጧቸው፤ ቅደም ተከተላቸው ተዛብቶ ስለሚደርሱ የትኛው እንደቀረ ያውቃል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ከተመለሰ ጀምሮ እየባነነ ይነሣል። ስቀሰቅሰው ሊመታኝ ይቃጣል። (ሚስት)

መልስ፦ በእጅዎ አይንኩት። ከበሩ ወይም ከግርጌ ሆነው ስሙን ደጋግመው ይጥሩ፣ መብራት ያብሩ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንቅልፍ ማጣትና ድንጋጤ ብዙዎች ላይ ይታያል። ከአንድ ወር ካለፈ፣ ወይም ከሰው ከሸሸና መጠጥ ካበዛ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ይየው። ስለ ሞት ካወራ «ራስህን ልታጠፋ አስበሃል?» ብለው በግልጽ ይጠይቁት፤ መጠየቁ ሐሳቡን አያስገባበትም። መሣሪያ ካለ በዚያው ቀን ከቤት ይውጣ፣ እሱም ብቻውን ሳይሆን ወደ ሐኪም ይወሰድ።