ጥያቄና መልስ፦ «ሆረስ ራይዚንግ»ን ላነበባችሁም ለማንበብ ላሰባችሁም

የቡድናችን አባላት፣ ስለዚህ መጽሐፍ በየተራ ከምትጠይቁኝ ሁሉንም እዚህ እንጨርሰው። «ሆረስ ራይዚንግ» ዳን አብኔት የጻፈው ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ሲሆን፣ መነሻው ዋርሃመር 40,000 የተባለው፣ በትንንሽ የወታደር ምስሎችና በዳይስ የሚጫወቱት የጠረጴዛ ጦርነት ጨዋታ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ ደጋግሜም እላችኋለሁ። የገጸ ባሕርያቱን ስም ኢንተርኔት ላይ አትፈልጉ። ገና ስሙን ስትጽፉ ማን እንደገደለው ይነግራችኋል።

ጥያቄ፦ ጨዋታውን ተጫውቼ አላውቅም። ይገባኛል?

መልስ፦ በደንብ ይገባሃል። ማወቅ ያለብህ ይህን ብቻ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በከዋክብት መካከል የተበታተነውን የሰው ዘር በአንድ አገዛዝ ሥር እየሰበሰበ ነው። ሥራውን የሚሠሩለት ሰውነታቸው በሳይንስ የተለወጠ ግዙፍ ወታደሮች ናቸው፤ ስፔስ ማሪን ይባላሉ። የጦሩ ሁሉ አዛዥ ሆረስ ነው፤ ለንጉሠ ነገሥቱ ልጁ ነው። ይህ ልጅ አንድ ቀን አባቱን ይከዳል። ታሪኩን የምናየው በሆረስ ሥር ባለ አንድ ካፒቴን ዓይን ነው፤ ጋርቪኤል ሎከን ይባላል። ዳይስ መወርወር አይጠበቅብህም።

ጥያቄ፦ ክህደቱን ከወዲሁ ካወቅን ምን ልናነብ ነው? አንተም አሁን ነገርከን።

መልስ፦ እኔ አልነገርኩህም፤ የተከታታዩ ስም ራሱ «የሆረስ ክህደት» ነው። ይልቅ የመጀመሪያውን ገጽ ልብ በል። ሎከን ሆረስ ንጉሠ ነገሥቱን በገደለ ቀን እዚያው እንደነበር ያወራል፤ ጓዶቹም ይስቃሉ። የሚስቁት የሞተው የእነሱ ንጉሠ ነገሥት ስላልሆነ ነው። በሌላ ፕላኔት ላይ የሰው ዘር ንጉሠ ነገሥት ነኝ የሚል ሰው ነበር፤ እሱን ነው የገደሉት። ግን አብኔት እዚያው ይህ ወሬ የማያስቅበት ጊዜ እንደሚመጣ ይነግርሃል። መጨረሻውን አንተ ታውቃለህ፣ እነሱ አያውቁም። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ቀልድ፣ እያንዳንዱ የወንድማማች መሐላ ሌላ ክብደት ይኖረዋል። እኔ መጽሐፉን የምወደው ለዚህ ነው። የሚፈርሰውን ቤት መጀመሪያ እንድትወደው ያደርግሃል።

የዚያን ፕላኔት ስም ደግሞ ተመልከቱት፤ ስልሳ ሦስት አሥራ ዘጠኝ ይባላል። የሆረስ 63ኛው የዘመቻ ጦር ያስገበረው 19ኛው ዓለም ነው ማለት ነው። የሰዎችን አገር ወስደው ቁጥር ሰጡት። ማንም ገጸ ባሕርይ ይህ ልክ አይደለም ብሎ አይጮህም፤ ደራሲው ፍርዱን ለእኛ ትቶታል።

ጥያቄ፦ መጽሐፉ እንዴት ነው?

መልስ፦ ይሄ ጥያቄ አይደለም። ምን ማንበብ እንደምትወጂ ንገሪኝና እመልስልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ተከታታዩን በየትኛው ቅደም ተከተል ልጀምር?

መልስ፦ ይሄኛውን መጀመሪያ። ቀጥሎ «ፎልስ ጎድስ»፣ ቀጥሎ «ጋላክሲ ኢን ፍሌምስ»። እዚያ ላይ ቁሙና አስቡበት፤ ዋናው ተከታታይ 54 መጽሐፍ ነው።

ጥያቄ፦ ሁለቱም ወገን ስፔስ ማሪን መሆኑ አይሰለችም? ጠላቱ ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር ቢሆን አይሻልም ነበር?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ። ነገሩ ወዲህ ነው። ጌምስ ዎርክሾፕ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ዋርሃመር 40,000ን እ.ኤ.አ. በ1987 አወጣ። በዓመቱ በ1988 አዴፕተስ ታይታኒከስ የሚባል ሌላ ጨዋታ ተከተለ። ይህኛው ታይታን የሚባሉ እንደ ሕንፃ የገዘፉ የጦር ማሽኖች የሚዋጉበት ነው። ሳጥኑ ውስጥ የነበሩት ታይታኖች ግን ሁሉም አንድ ቅርጽ ነበሩ፤ ለፕላስቲክ ሁለት ዓይነት ቅርጽ ማውጫ ማሠራት ውድ ነው። ታዲያ አንድ ዓይነት ማሽኖች ለምን እርስ በርስ ይዋጋሉ? መልሱ የእርስ በርስ ጦርነት ሆነ። የሆረስ ክህደት ወደዚህ ዓለም የገባው እንዲህ ነው።

እዚህ ላይ ነው የአብኔት ችሎታ የሚታየው። ከፕላስቲክ ዋጋ የተወለደውን ነገር ወስዶ የወንድማማቾች ሐዘን አደረገው። ሆረስ የሚያማክራቸው አራት ሰዎች አሉት፤ ሞርኒቫል ይባላሉ። ከአራቱ አንዱ ሴጃኑስ ተገድሎ ሎከን በቦታው ይገባል። አባዶን ቁጡ ነው። ቶርጋዶን ቀልደኛ ነው። አክሲማንድ መልኩ ሆረስን ስለሚመስል ትንሹ ሆረስ ይሉታል። አራቱ አብረው ይቀመጣሉ፣ ይተራረባሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። ጠላቱ ሌላ ፍጡር ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ መተራረብ ምንም አያሳምምም ነበር። አንተ አሰልቺ ያልከው ነገር የመጽሐፉ ልብ ነው።

ሌላ አባል፦ እኔ ግን ማሪኖቹ በልብ ወለዱ ውስጥ በጣም ተጋነዋል እላለሁ። ጨዋታው ላይ እንደ ዝንብ ነው የሚረግፉት።

መልስ፦ እንደ ዝንብ አይረግፉም። እናስላው። ሌዘር ጠብመንጃ የያዘ ተራ ወታደር ይተኩሳል እንበል። ለመምታት ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ላይ 4 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል፤ ግማሹ ይስታል። የመታው ጥይት ማሪኑን ለማቁሰል 5 ወይም 6 ያስፈልጋል፤ ሲሶው ብቻ ያልፋል። ከዚያ ማሪኑ በጥሩሩ ይከላከላል፤ 1 ወይም 2 ከወጣበት ብቻ ነው የሚጎዳው፤ ያም ሲሶ ነው። አንድ ግማሽ በሲሶ፣ እንደገና በሲሶ ሲባዛ ከ18 ጥይት አንዱ ማለት ነው። በቅርብ ርቀት ደግሞ ወታደሩ ሁለቴ ይተኩሳል። አሥር ተራ ወታደሮች በአንድ ዙር 20 ጥይት ተኩሰው ማሪን ይጥላሉ፤ ያውም አንድ ገደማ።

ሌላ አባል፦ ያ የድሮው ሕግ ነው። አሁን ማሪን የሚሞተው ሁለት ጊዜ ሲቆስል ነው። 36 ጥይት በል።

ሦስተኛ አባል፦ በነጥብ ዋጋስ? ሠራዊት የሚሰለፈው በነጥብ ተመን ነው፤ ማሪን ከተራው ወታደር ይወደዳል እኮ። በአንድ ማሪን ነጥብ ስንት ወታደር እንደምታሰልፍ ሳትቆጥር ስሌቱ ግማሽ ነው።

ሌላ አባል፦ ነጥቡ በየጊዜው ይለወጣል፤ በእሱ መከራከር ዋጋ የለውም።

ሦስተኛ አባል፦ ታዲያ በ18 ጥይት መከራከር ዋጋ አለው?

መልስ፦ ይበቃል፣ ወደ መጽሐፉ እንመለስ። ጨዋታ ሁለቱም ተጫዋች የማሸነፍ ዕድል እንዲኖረው ይፈልጋል፤ ስለዚህ ማሪን መሞት አለበት። ልብ ወለድ ዕኩልነት አይፈልግም፤ ሥጋት ግን ይፈልጋል። ማሪን ከተራ ሰው ጋር ሲገጥም ውጤቱ ስለሚታወቅ ሥጋት የለም። አብኔት ይህን ያውቃል። ስለዚህ «መርደር» ወደተባለው ፕላኔት ወሰዳቸው። እዚያ ያሉት ግዙፍ ሸረሪት መሰል ፍጥረታት ማሪኖቹን ገድለው ሬሳቸውን እሾሃማ ዛፎች ላይ ይሰቅላሉ። ከዚያ በፊት ደግሞ ከሁሉ የባሰውን ያሳየናል፤ ስልሳ ሦስት አሥራ ዘጠኝ ላይ፣ በተራሮች ውስጥ የሎከን የራሱ ሰው ጁባል ተለውጦ ጓዶቹ ላይ ይተኩሳል። ማሪን ማሪንን ሲገድል በዚያ መጽሐፍ የመጀመሪያው ነው። ሎከን ማመን ያቅተዋል፤ ሊያስብበት የሚችልበት ቃል እንኳ የለውም።

ጥያቄ፦ የሉና ዉልቭስን (የሆረስን የራሱን ማሪኖች) ትንንሽ ምስሎች በምን ቀለም ልቀባ?

መልስ፦ የቀለም ጥያቄ እዚህ አታምጡ።

ሌላ አባል፦ ነጭ። ስማቸው የሆረስ ልጆች ተብሎ ሲቀየር ወደ አረንጓዴ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ሴት ገጸ ባሕርያት የሉም ወይ? የወንዶች መጽሐፍ ብቻ ይመስላል።

መልስ፦ አሉ። ሜርሳዲ ኦሊተን ዘመቻውን ለታሪክ የምትመዘግብ ናት። ዩፍራቲ ኪለር ፎቶ አንሺ ናት። ኪለር ማየት የሌለባትን ነገር ታያለች፤ ከዚያ ወዲያ ሕይወቷ እንደ ድሮው አይሆንም።

ሌላ አባል፦ ኦሊተን የሎከን ጆሮ ብቻ ናት። እሱ ያወራል፣ እሷ ትጽፋለች። ይህን ሴት ገጸ ባሕርይ ብላችሁ አትቁጠሩብኝ።

መልስ፦ ስለ ኦሊተን በዚህ መጽሐፍ ልክ ነህ፤ ቦታዋ ጠባብ ነው። ስለ ኪለር ግን አልስማማም። እነዚህ ሰላማውያን ሰዎች ባይኖሩ የማሪኖቹን ግዝፈት የምንለካበት አይኖረንም ነበር። ገጣሚውን ካርካሲንም ጨምር። ደካማ ነው፣ ይጠጣል፤ እውነቱን በግልጽ የሚጽፈው ግን እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ቅደም ተከተሉ እንዴት ነበር?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። እባካችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት አንብቡ። ስሞቹንም ኢንተርኔት ላይ አትፈልጉ።

ጥያቄ፦ መጨረሻ ላይ ጥያቄ ሆኖብኝ የቀረው ጥሩው ወገን ማን ነው የሚለው ነው። መጽሐፉ ወራሪዎችን እያሞገሰ ነው ወይ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። መልሱ ሦስተኛው ክፍል ውስጥ ነው፤ ብዙ አንባቢ ጦርነት ቀነሰ ብሎ እየዘለለ የሚያነበው ክፍል። የሆረስ ጦር ኢንተሬክስ ከሚባል ሕዝብ ጋር ይገናኛል። ሰዎች ናቸው፣ የሠለጠኑ ናቸው፣ ከሌላ ዘር ፍጥረታት ጋር በሰላም ይኖራሉ። የሆረስ ሰዎች ደግሞ ከሰው ውጭ ያለ ሁሉ መጥፋት አለበት ተብለው ነው ያደጉት።

አሁን የመርደርን ሸረሪቶች አስታውሱ። እዚያ ያጎሯቸው ኢንተሬክሶች ናቸው። አሸንፈዋቸው ሲያበቁ ዘራቸውን ከማጥፋት አንድ ፕላኔት ላይ ዘጉባቸው፤ ማንም እንዳይወርድም በሰማዩ ላይ ማስጠንቀቂያ አቆሙ። ማስጠንቀቂያው ሙዚቃ ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ሰምቶታል፤ ትርጉም የለሽ ጫጫታ ነው ብሎ ወረደና አለቀ። ኢንተሬክሶቹ ማስጠንቀቂያችንን አልሰማችሁም ወይ ሲሉ የእኛ ጀግኖች ምን ይመልሱ? ከዚህ በላይ ወራሪን የሚተች ትዕይንት ከየት ይመጣል?

ሆረስ ራሱ ከእነዚህ ሰዎች ጋር በሰላም መስማማት ይፈልጋል፤ የገዛ አማካሪዎቹ ሳይቀሩ ይቃወሙታል። ያኔ ነው ትልቅነቱ የሚታየው። ከዚያ አንድ ነገር ይሰረቃል፣ ሁሉም ይበላሻል። ማን እንደሰረቀ አልናገርም።

ሌላ አባል፦ የሰረቀው እኮ ያ የሌላው ጦር ቄስ...

መልስ፦ ተው! ገና ያላነበቡ ሰዎች አሉ።

ጥያቄ፦ ምንም ድክመት የለውም እንዴ?

መልስ፦ አለው። ስም ይበዛል፤ መጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ላይ ማን ማን እንደሆነ ለመያዝ ትቸገራላችሁ። መርደር ላይ ያለው ውጊያም ረዝሟል። ግን ትልቁ ችግር ያለው ቀጣዩ መጽሐፍ ውስጥ ነው። እዚህ በትዕግሥት የተገነባው ሆረስ እዚያ ሲለወጥ በጣም ይፈጥናል። ሦስቱን መጻሕፍት ሦስት ደራሲዎች ናቸው የጻፏቸው፤ ሁለተኛውን ግራሃም ማክኒል፣ ሦስተኛውን ቤን ካውንተር። ሎከን እንኳ የሚናገርበት አኳኋን ይለያያል።

ጥያቄ፦ ፊልም ይወጣለታል?

መልስ፦ ስለ መጽሐፉ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጨርሼዋለሁ፣ ወድጄዋለሁ። ሁለተኛው እንደሚፈጥን ከነገርከን እዚህ ላይ ባቆምስ?

መልስ፦ አታቁም። ሁለተኛው ቢያበሳጭህም ቻለው። የአራቱ ጓደኛሞች ነገር የሚለይለት ሦስተኛው ላይ ነው፤ ቶርጋዶንና አክሲማንድን ከወደድካቸው እሱን ሳታነብ ልትቀር አይገባም። ስማቸውን ግን እስከዚያ ድረስ የትም አትፈልግ።