በጃይሳልመር አምባ ውስጥ ማደር ይሻላል?

ጥያቄ፦ በህንድ አገር ትምህርቴን በመከታተል ላይ እገኛለሁ። በመጪው የዕረፍት ጊዜ ከጓደኞቼ ጋር ወደ ራጃስታን ግዛት ተጉዘን የጃይሳልመርን አምባ ለመጎብኘት አስበናል። በግንቡ ውስጥ ዛሬም ሰዎች እንደሚኖሩና የእንግዳ ማረፊያዎችም እንዳሉ ሰምተናል። ሰው በሚኖርበት ቦታ እንደ ልብ መዘዋወር ይፈቀዳል? ሌሊቱንስ እዚያው ብናድር ይሻላል ወይስ ታች ከተማው ውስጥ?

መልስ፦ መዘዋወሩ ይፈቀዳል። አምባው የከተማው አንድ ሰፈር ስለሆነ ለመግባት ክፍያ አይጠየቅም፤ ትኬት የሚቆረጠው ሙዚየም ለሆነው የቀድሞው ቤተ መንግሥትና ጃይን ለተባለው ጥንታዊ የህንድ እምነት ቤተ መቅደሶች ነው። ስለ አዳር ያነሡት ጥያቄ ግን ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል።

ራዋል ጃይሳል የተባለው፣ ራጅፑት ከሚባሉት የህንድ ተዋጊ መደቦች የባቲ ጎሳ ገዥ እ.ኤ.አ. በ1156 የመሠረተው ይህ አምባ ከታር በረሃ ሜዳ 76 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ትሪኩታ በሚባል ኮረብታ ላይ የተቀመጠ ሲሆን፣ በቢጫ የአሸዋ ድንጋይ የተሠሩ 99 ማማዎች ዙሪያውን ከብበውታል። በረሃውን በግመል የሚያቋርጡ ሲራራ ነጋዴዎች የሚከፍሉት ቀረጥ ለዘመናት አበልጽጎት ቆየ። ንግዱ ወደ ቦምቤይ ወደብ ሲዞርና እ.ኤ.አ. በ1947 ህንድና ፓኪስታን ሲለያዩ ግን ከተማው ተዳከመ፤ ዛሬ በአመዛኙ የሚተዳደረው በጎብኚ ነው። በግንቡ ውስጥ የሚኖሩት ጥቂት ሺህ ሰዎች ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ ቀድሞ ገዥዎቹን ያገለግሉ የነበሩ የብራህሚን (የካህናት መደብ) እና የራጅፑት ቤተሰቦች ተወላጆች ናቸው።

የአምባው ዋነኛ ጠላት ውሃ ነው። በረሃ ላይ ለቆመ ግንብ ይህ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ግንበኞቹ ያሰቡት ከስንት አንዴ ለሚጥል ዝናብና ነዋሪው ኮረብታው ሥር ካለው ጋዲሳር ከተባለ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ተሸክሞ ለሚያወጣው ጥቂት ውሃ ነበር። የቧንቧ ውሃ ገብቶ የእንግዳ ማረፊያዎቹም መታጠቢያ ቤት ያላቸውን ክፍሎች ሲያበዙ፣ አሮጌው የፍሳሽ መስመር ሊችለው ያልቻለው ውሃ ወደ ኮረብታው ሰረገ። ከግንቡ ሥር ካለው ልል የአሸዋ ድንጋይ መካከል የሸክላ አፈር ንጣፎች ስላሉበት፣ እነዚህ ውሃ ጠጥተው ሲላሉ ከላያቸው ያለው ግንብ ይሰነጠቃል፤ የተደረመሱ ማማዎችም አሉ። ዓለም አቀፉ የቅርሶች ፈንድ እ.ኤ.አ. በ1996 አምባውን ለአደጋ ከተጋለጡ ቅርሶች መካከል የመዘገበው በዚሁ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ከሌሎች አምስት የራጃስታን አምባዎች ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት ማደሪያዎን ከግንቡ ውጭ ቢያደርጉ ይሻላል። ውስጥ ማደርን የሚከለክል ሕግ ስለሌለ ሌላውን መንገደኛ አንወቅስም፤ እንጀራቸው ከእንግዳ ጋር የተሳሰረውን ነዋሪዎችም ጥፋተኛ ማድረግ አግባብ አይደለም። እንዲያውም ገንዘብዎን ሊያወጡ የሚገባው በእነርሱ ዘንድ ነው፤ ምሳዎን እዚያ ይብሉ፣ ዕቃ ከእነርሱ ይግዙ፣ አስጎብኚም ከዚያው ሰፈር ይያዙ። አንድ ስኒ ሻይ ማማ አይንድም፤ የሚያሳስበው የብዙ እንግዶች የየዕለቱ የገላ መታጠቢያ ነው። በዚያ ላይ ውስጥ ያደረ ሰው አምባውን በሙሉ ቁመናው አያየውም፤ ታች ከተማው ውስጥ ካለ ሰገነት ግን ፀሐይ ስትጠልቅ ግንቡ ወርቅ ሲመስል ይታያል።

ለጉብኝቱ ማለዳ መውጣት ይመረጣል። አኬ ፖል፣ ሱራጅ ፖል፣ ጋኔሽ ፖልና ሃዋ ፖል የሚባሉት አራት በሮች የጠላት ጦር በአንድ ትንፋሽ እንዳይገባ ተብለው በጠመዝማዛ አቀበት ላይ የተሠሩ ስለሆኑ፣ በእግር ቢወጡ የመከላከያውን ብልሃት በደንብ ይረዱታል፤ ባጃጅና ሞተር ሳይክል በዚያው መንገድ ስለሚያልፉ ግን ዳር ዳሩን ይያዙ። የጃይን ቤተ መቅደሶች ለጎብኚ የሚከፈቱት በአብዛኛው ከእኩለ ቀን በፊት ሲሆን፣ ጫማ ይወለቃል፤ ቀበቶና ቦርሳን ጨምሮ ከቆዳ የተሠራ ነገር ይዞ መግባትም አይፈቀድም። በጠባብ መተላለፊያዎች ውስጥ ክፍት ሆኖ የሚያገኙት በር ሁሉ የሱቅ በር አይደለምና፣ ሳይጋበዙ ወደ ግቢ አይዝለቁ፤ ሴቶችንና ሕፃናትንም ሳያስፈቅዱ ፎቶግራፍ አያንሡ።

ጆድፑር ከተባለው የራጃስታን ከተማ በባቡር ከ5 እስከ 6 ሰዓት ይወስዳል። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ተስማሚ ሲሆን፣ በታኅሣሥና በጥር የበረሃው ሌሊት ስለሚበርድ ወፍራም ልብስ ይያዙ።