12 ቀን ቀረን

ጥያቄ፦ የ8 ዓመት ሴት ልጅና የ13 ዓመት ወንድ ልጅ እናት ነኝ። ትምህርት ሊጀመር 12 ቀን ቀርቷል። ረጅሙ ዕረፍት ሲጀምር ከልጆቼ ጋር አደርጋቸዋለሁ ብዬ በወረቀት ካሰፈርኳቸው ነገሮች፣ ሥራዬ ፋታ ስላልሰጠኝ፣ ግማሹን እንኳ አልፈጸምኩም። አሁን የአንድ ሳምንት ፈቃድ ወስጄ የቀረውን ሁሉ ላካክስ አስቤአለሁ። ባለቤቴ ደግሞ ልጆቹ እኩለ ሌሊት ድረስ አምሽተው እስከ ረፋድ ስለሚተኙ፣ ከነገ ጀምሮ በትምህርት ቤት ሰዓት ይነሡ ይላል። የማንኛችን ሐሳብ ይሻላል?

መልስ፦ ፈቃዱን ይውሰዱ፤ ወረቀቱን ግን መሳቢያ ውስጥ ቢተዉት እመርጣለሁ። የሁለት ወር ዕቅድ በ7 ቀን ውስጥ ሲጨመቅ እናት አጣዳፊ፣ ልጆች ተጎታች ይሆናሉ፤ ያመለጠውንም አይመልስም።

እ.ኤ.አ. በ1993 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካህነማንና ባልደረቦቹ ያሳተሙት አንድ ሙከራ ለእርስዎ ጉዳይ ይጠቅማል። ተሳታፊዎች እጃቸውን በ14 ዲግሪ ሴልሺየስ ውኃ ውስጥ ለ60 ሰከንድ ነከሩ፤ በሌላ ዙር ደግሞ በዚያው ቅዝቃዜ 60 ሰከንድ ከቆዩ በኋላ፣ ውኃው ቀስ በቀስ ወደ 15 ዲግሪ ከፍ እያለ ለተጨማሪ 30 ሰከንድ አቆዩት። የትኛውን መድገም እንደሚመርጡ ሲጠየቁ አብዛኞቹ ረጅሙን መረጡ፤ አጨራረሱ ለስለስ ያለ ነበርና። ትዝታ የቀኑን ብዛት እምብዛም አይቆጥርም፤ የጎላውን ቅጽበትና መጨረሻውን ነው አጥብቆ የሚይዘው። ስለዚህ ያልተደረገውን ከመቁጠር ይልቅ መጨረሻው ጥድፊያ እንዳይሆን ይጠንቀቁ።

ለልጆችዎ አንድ ጥያቄ ያቅርቡላቸው፦ «በዚህ ዕረፍት ካደረግነው ምኑን እንድገም?» መልሱ ሊያስገርምዎ ይችላል። እኔ ከልጅነቴ ዕረፍቶች አጥርቼ የማስታውሰው ብዙ የተደከመለትን ጉዞ አይደለም፤ መብራት በጠፋበት አንድ ምሽት አባቴ በሻማ ብርሃን ፊት ጣቶቹን አቆላልፎ ግድግዳው ላይ ጥንቸል ሲሠራ፣ የጥንቸሏ አንድ ጆሮ አልታጠፍ ብሎ ሲያስቸግረው ነው። ያን ምሽት ማንም አላቀደውም።

የቀሩትን ቀኖች ቁጥር ከልጆቹ አይደብቁ። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ የጄሚ ከርትዝ ጥናት እንዳሳየው፣ የምረቃ ጊዜያቸው በጣም እንደቀረበ እንዲያስቡ የተደረጉ ተማሪዎች፣ ገና ሩቅ እንደሆነ እንዲያስቡ ከተደረጉት ይልቅ በቀራቸው የኮሌጅ ጊዜ የበለጠ ተደስተዋል። ማብቂያውን ማወቅ ቀኑን ያጣፍጣል እንጂ አያበላሽም።

በእንቅልፉ ጉዳይ ባለቤትዎ እውነት አላቸው፤ የቸኮሉት «ከነገ ጀምሮ» በማለታቸው ነው። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር መሠረት በ24 ሰዓት ውስጥ ሴት ልጅዎ በድምሩ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ያህል፣ ወንድሟ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያህል መተኛት ይገባቸዋል። የመነሻና የመኝታ ሰዓታቸውን በየቀኑ በ15 ደቂቃ ብቻ ቀደም ካደረጉት፣ በ12 ቀን ውስጥ ያለ ጭቅጭቅ 3 ሰዓት ይስተካከላል። በጉርምስና ዕድሜ የሰውነት ሰዓት ራሱ ወደ ማምሸት ስለሚያዘነብል፣ ወንድ ልጅዎን በግድ ለማስተኛት ከመታገል ጠዋት ቀስቅሶ የቀን ብርሃን እንዲያገኝ ወደ ውጭ ማውጣት ይቀላል። እግረ መንገዳችሁን የምታደርጉት የጠዋት ወሬ ደግሞ ከወረቀቱ ዕቅዶች አንዱን ሳይበልጥ አይቀርም።

ቦርሳና ደብተሩ ከሁለት ቀን በፊት ተዘጋጅቶ የመጨረሻው ምሽት ባዶ ይሁን። ጫማቸውን ግን ዛሬውኑ ያስለኳቸው፤ በረጅም ዕረፍት እግር ማንንም ሳያስፈቅድ ያድጋል።